ለአሮጌ ቪትዝ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ኮድ ማንበቢያ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ባለቪትዝ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች የቤንዚን ቪትዝ አለችኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የቼክ ኢንጂን መብራቷ ይበራል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ በራሱ ይጠፋል፤ ከዚያም ደግሞ ይመለሳል። በጉዞ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉድለት አላየሁባትም፤ ጠዋት ስትነሣ ግን ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚኖራት የሞተር ዙር) ይዋዥቃል፤ ነዳጅም ከበፊቱ የጨመረች ይመስለኛል።

የሄድኩባቸው ጋራዦች ‹‹በኮምፒውተር ለማየት›› እያሉ በየጊዜው ያስከፍሉኛል። አንዱ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር እንዲቀየር ነገረኝ፤ ሌላው ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር አልቋል አለኝ፤ መኪናዋ ጉድለቷን የምትመዘግብበትን ኮድ ጽፎ የሰጠኝም ሆነ ስክሪኑን ያሳየኝ ግን የለም። ስለዚህ የራሴን ኮድ ማንበቢያ ገዝቼ፣ ቢያንስ መኪናዋ የምትለውን አውቄ ጋራዥ መግባት ፈልጌአለሁ። ጥገናውን ራሴ ልሥራ የሚል አሳብ የለኝም፤ ሙያዬ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ከመቀየር አያልፍም።

ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ ሦስት ዓይነት ዕቃ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ከመሪው ሥር ተሰክቶ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ሲሆን ዋጋው ከሁሉም ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው የራሱ ስክሪንና ገመድ ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ማንበቢያ ነው። ሦስተኛው ጋራዦች የሚይዙት ታብሌት መሰል መሣሪያ ነው፤ እሱ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ከወዲሁ ትቼዋለሁ። ከቀሩት ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል? የእኔ ስልክ ሳምሰንግ፣ የባለቤቴ ደግሞ አይፎን ነው። ነጋዴው ሁለቱም ‹‹ሁሉንም መኪና ያነባሉ፤ ኤቢኤስና ኤርባግም ጭምር›› ብሎኛል፤ ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገውንና በግጭት ጊዜ የሚነፋውን ከረጢት ማለቱ ነው። ይህን ምን ያህል ልመነው?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ቄራ

ወንድሜ፣ ስለ ዕቃው ከመነጋገራችን በፊት መኪናዎ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች ማወቅ ይገባል። እዚህ ቪትዝ እያልን ከምንጠራቸው መኪኖች ገሚሶቹ ያሪስ ተብለው ለአውሮፓና ለሌሎች አገሮች የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ናቸው። ቆመው ሲያዩዋቸው ብዙም አይለያዩም፤ ማንበቢያ ሲሰካባቸው ግን የሚሰጡት ምላሽ ለየቅል ነው።

መኪና የሞተሩንና የጭሱን ጉድለት በአንድ ዓይነት መሰኪያና ኮድ እንዲናገር የሚያስገድደው፣ ኦቢዲ 2 የሚባለው ደንብ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩን ደንብ በቤንዚን መኪኖች ላይ በ2001፣ በናፍጣዎቹ ላይ ደግሞ በ2004 ተግባራዊ አደረገ። (የሞዴል ዓመት የሚነገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቶቹን የምጽፈው በዚያው ነው።) ጃፓን ግን ለራሷ ገበያ ደንቡን ያስገባችው ዘግይታ በመሆኑ፣ የዚያ ዘመን የጃፓን ገበያ መኪና ባለ 16 ፒን መሰኪያ እያለው እንኳ፣ ርካሽ ማንበቢያ ሲሰካበት ግንኙነት የለም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ከነጋዴው ጋር ይጣላል፤ ነገሩ ግን መኪናው የሚነጋገረው በቶዮታ የራሱ አሠራር መሆኑ ነው።

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሊብሬዎን አውጥተው የሻንሲ ቁጥሩን ይመልከቱ። ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 17 ከሆነና በ‹‹ቪ ኤን ኬ›› ከጀመረ መኪናዋ የተሠራችው ፈረንሳይ በሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ ነው፤ በ‹‹ጄ ቲ ዲ›› ከጀመረ ጃፓን ተሠርታ ለውጭ ገበያ የወጣች ናት። በእነዚህ ላይ ተራ ማንበቢያ ይሠራል ብለው ተስፋ ማድረግ ይችላሉ። ‹‹ኤስ ሲ ፒ 10›› በሚል ዓይነት ጀምሮ፣ ሰረዝ ካደረገ በኋላ ሰባት አኃዝ ብቻ የሚያስከትል አጭር ቁጥር ከሆነ ግን የጃፓን ገበያ መኪና ናትና ሳይሞክሩ ምንም አይግዙ።

ቀጥሎ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብለው መሰኪያውን በስልክዎ መብራት ይዩት። መሪው የተዛወረ መኪና ከሆነ መሰኪያው አንዳንድ ጊዜ በቀኝ በኩል ቀርቶ ይገኛል። ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። ፒኖች ሁሉ ብረት የላቸውም፤ የሚፈለገውም ይኸው ልዩነት ነው። 7 ላይ ብረት ኖሮ 6ና 14 ባዶ ከሆኑ መኪናዋ የምትጠቀመው ኬ ላይን የሚባለውን የቆየ የመረጃ መስመር ነው፤ 6ና 14 ላይ ብረት ካለ ካን የሚባለውን አዲሱን መስመር ነው። በአሜሪካ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ካን ግዴታ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ለተሠሩ መኪኖች ምርጫው ቀላል ነው፤ የእርስዎን በመሰለች መኪና ላይ ግን የማንበቢያው ጥራት የሚፈተነው በኬ ላይን ነው። 16ኛው ፒን ቁልፍ ባይከፈትም ከባትሪው 12 ቮልት ስለሚደርሰው በብረት ነገር እንዳይነካኩት አደራ።

አሁን ወደ ትንሹ የብሉቱዝ ዕቃ እንምጣ። በውስጡ አለ የሚባለው ኢኤልኤም 327 የተሰኘው ቺፕ የአንድ የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ስሪት ከቅጂ የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረ ሌሎች ገልብጠውት ዓለምን ሞሉት፤ ኩባንያውም በ2022 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ እዚህ በርካሽ የሚሸጠው ሁሉ ቅጂ ነው ብለው ይነሡ። ቅጂ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የስሪት ቁጥር ግን ምንም አያረጋግጥም። በየሱቁ የሚታየው ‹‹1.5›› የሚለው ስሪት ከዋናው ኩባንያ ወጥቶ አያውቅም፤ ኩባንያው ከ1.4 ያለፈው ወደ 2.0 ነው። ‹‹2.1›› ተብለው ከሚሸጡትም መካከል የቆዩ ፕሮቶኮሎችን (መኪናና ማንበቢያ የሚነጋገሩባቸውን ደንቦች) ጨርሶ የዘለሉ አሉ፤ እነዚህ በአዲስ መኪና ላይ ጥሩ ሠርተው በእርስዎ ቪትዝ ላይ ድምፅ አያሰሙም።

በዚህ ምክንያት እኔ የምመርጥልዎ በእጅ የሚያዘውን ነው። ስልክ፣ አፕሊኬሽንም ሆነ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ነው፤ ጋራዥ ሄደውም ከባለሙያው ጋር አንድ ስክሪን አብረው ሊያዩ ይችላሉ። ከምንም በላይ ላይቭ ዳታ፣ ማለትም ሴንሰሮቹ በዚያው ቅጽበት የሚለኩትን ቁጥር፣ የሚያሳይ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ። ኮድ አንብቦ መደምሰስ ብቻ የሚችል ዕቃ ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ የእርስዎን ጥያቄ ግን አይመልስም። በብር ስንት እንደሚያወጣ አልጽፍም፤ የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ የሚጻፍ ዋጋ ብዙ ሳይቆይ ያረጃል።

ኤቢኤስና ኤርባግ ስለተባለው፣ ነጋዴውን አይመኑት። ኦቢዲ 2 የሚያስገድደው ሞተሩንና ጭሱን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ነው። ሌላው እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሚሠራው ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ባለሙያው ባሉት ላይ ከዚህ ሆኜ የማውቀውን ልጨምር። በእጅ ከሚያዙት መካከል እንደ አንሴል ኤዲ 310፣ ኦቴል ኤኤል 319 እና ላውንች ሲአር 3001 ያሉት እዚህ በጥቅሉ ከ20 እስከ 40 ዶላር ገደማ ይገኛሉ። ሦስቱም አምስቱን የኦቢዲ 2 ፕሮቶኮሎች ያነባሉ፤ ላይቭ ዳታ ያሳያሉ፤ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት ሞተሩ ምን ላይ እንደነበረ የሚይዘውን ፍሪዝ ፍሬምም ያወጣሉ። ኤቢኤስና ኤርባግ በትክክል የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው የሚጀምሩት። በመካከል ባለው ዋጋ የሚሸጡት በአብዛኛው ያንኑ ሥራ በትልቅ ስክሪንና በተሻለ ሽፋን የሚሠሩ ስለሆኑ ለግል ባለመኪና ጭማሪው ብዙም አይታየኝም። ማሸጊያው ላይ በሺዎች የሚቆጠር የኮድ ትርጉም አለው የሚለውም አያጓጓዎት፤ ቁጥሩን ካገኙ ትርጉሙን በስልክዎ ፈልገው ያገኙታል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ሻንጣ ውስጥ ቦታ የማይዝ ዕቃ ነው።

እዚህ እንደ ኦቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች ኮዱን በነፃ ስለሚያነቡ ብዙ ሰው መግዛት አያስፈልገኝም ይላል። እርስዎ ለእያንዳንዱ ንባብ የሚከፍሉ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ስለ ስልክ ላነሡት፦ ተራው የብሉቱዝ ኢኤልኤም ከአንድሮይድ ጋር ይሠራል፤ ከአይፎን ጋር ግን አይገናኝም። ለአይፎን በዋይፋይ የሚሠራውን ወይም ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ የሚለውን ዓይነት መፈለግ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ስልክ ላላችሁ ሰዎች ይህም በእጅ የሚያዘውን የሚያስመርጥ ምክንያት ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ገጽ ደግሞ አለ፤ ሬዲነስ ወይም አይኤም የሚለው። የመኪናው ኮምፒውተር ካታላይዘሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያውን እየነዱት በየተራ ይፈትሻል፤ የትኛውን ፈትሾ እንደጨረሰና የትኛው እንደቀረው በዚህ ገጽ ላይ ይነበባል። ኮድ ሲደመሰስ ወይም ባትሪ ሲነቀል ይህ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ ሜሪላንድ የጭስ ምርመራ ስላለ፣ መብራቱን አጥፍቶ በዚያው ቀን ወደ ምርመራ የሚሄድ ሰው ፍተሻዎቹ አልተጠናቀቁም ተብሎ ይመለሳል። አገር ቤት የሚጠቅመው ያገለገለ መኪና ሲገዙ ነው። ሻጩ መብራቱ ሲበራ አይቼ አላውቅም እያለዎት፣ ገጹ ላይ አብዛኞቹ ፍተሻዎች ያልተጠናቀቁ ሆነው ከተገኙ፣ ኮዱ በቅርቡ ተደምስሷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ሻጩ ያስረዳዎት።

መልስ፦ የስልክ ወገን፣ ሳሪስ

ከሁለታችሁም በአክብሮት እለያለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ በሥራቸው ላይ ላሉበት ቦታ በእጅ የሚያዘው ትክክል ነው፤ ለጠያቂው ግን የሚሠራ የብሉቱዝ ቅጂ ካገኘ የተሻለ የሚያስተምረው እሱ ነው። በስልክ ላይ እንደ ቶርክ ወይም ካር ስካነር ያሉ አፕሊኬሽኖች ሁለትና ሦስት ንባቦችን በአንድ ግራፍ አሰልፈው ያሳያሉ፤ ይመዘግባሉ፤ መዝገቡንም ለባለሙያ መላክ ይቻላል። በትንሿ ስክሪን ላይ ቁጥር ሲገለባበጥ ማየትና የአንድ ሙሉ ጉዞ ግራፍ ማየት አንድ አይደሉም።

ላሳይዎት። የእርስዎ መኪና ሚኒሞ ላይ ይዋዥቃል፤ ነዳጅም ጨምራለች። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ፊውል ትሪም የሚባለውን ንባብ ይክፈቱ፤ አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች በመቶኛ ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ለራሱ ካሰበው የቤንዚን መጠን ላይ ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይነግሩዎታል። ድምራቸው ከዜሮ ግራና ቀኝ በ10 ውስጥ ከዋለ ጤናማ ነው። እንበልና ሚኒሞ ላይ ወደ 20 ጨማሪ ቢያሳይና ቤንዚን ረግጠው ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ሲይዙት ወደ 3 ወይም 4 ቢወርድ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ይፈለጋል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ያ ቀዳዳ ከጠቅላላው አየር ብዙ ድርሻ ይኖረዋል፤ በፍጥነት ሲዞር ግን ድርሻው ያንሳል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ጭነት ሲበዛበት ጭማሪው የሚያድግ ከሆነ የሚጠረጠረው የነዳጅ ፓምፑ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ነው። ይህ አካሄድ የሚሠራው ኤምኤኤፍ የሚባለው የአየር መለኪያ ላላቸው ሞተሮች ነው። ቁጥሩ በቅናሽ በኩል ከወጣ ደግሞ ቤንዚን እየበዛ ነው፤ ኮምፒውተሩም እየቆጠበ ነው።

የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት የሚያነብ ኤምኤፒ ሴንሰር ላላቸውም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሣ ሴንሰሩ የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ መሆን አለበት ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ግን በባሕር ዳርቻ ላለ መኪና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለሆነች እዚህ ትክክለኛው ንባብ 76 ወይም 77 አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቅ ደኅናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብሎ የሚያስቀይር አለ።

ባለቪትዝ በድጋሚ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሊብሬውን አይቼአለሁ፤ ቁጥሩ 17 ሲሆን በ‹‹ቪ ኤን ኬ›› ይጀምራል። መሰኪያውም ላይ 7ኛው ፒን ብረት አለው፤ 6ኛውና 14ኛው ባዶ ናቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ባሉት መሠረት በእጅ የሚያዘውን ለመግዛት አዘንብያለሁ፤ የሳሪሱን ወንድማችንን ግራፍም ግን ልቤ ወዶታል። ሱቅ ውስጥ እያለሁ ዕቃው ደኅና መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ አለ? የኤቢኤሱንስ ነገር በርካሽ የማወቂያ ዘዴ ይኖር ይሆን?

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት

ይቅርታ፣ በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። እነዚህ ማንበቢያዎች ለኤሌክትሪክ መኪናም ያገለግላሉ? የባትሪዬን ጤንነት ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ቄራ

በኤሌክትሪኩ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልኛል። ኦቢዲ 2 የተደነገገው ጭስን ለመቆጣጠር ነው፤ ጭስ የሌለው መኪና ለዚህ ደንብ የሚመልሰው ነገር ጥቂት ነው። መሰኪያው ሊኖረው ይችላል፤ ተራ ማንበቢያ ሲሰካበት ግን ወይ አይገናኝም ወይም የ12 ቮልቱን ባትሪ ከማሳየት አያልፍም። የትልቁን ባትሪ ሁኔታ ለማየት ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተዘጋጀ አፕሊኬሽን ወይም የአምራቹ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለዚህ ብለው ርካሽ ማንበቢያ አይግዙ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎችም ሙያው የሌለው ሰው እንዳይነካቸው።

ወደ ቪትዝዎ ስመለስ፣ ፈረንሳይ የተሠራች መሆኗ መልካም ዜና ነው። መስመሯ ኬ ላይን በመሆኑ ግን የሳሪሱ ወንድማችን ባሳዩት ግራፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መስመር በሰከንድ የሚያስተላልፈው 10,400 ቢት ብቻ ሲሆን አዲሶቹ መኪኖች በካን 500,000 ያስተላልፋሉ። በአንድ ጊዜ አሥር ንባብ ከከፈቱ እያንዳንዱ ቁጥር እየዘገየ ስለሚመጣ ግራፉ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ያሳስትዎታል። ሦስት ወይም አራት ንባብ ብቻ ይምረጡ። በተረፈ በክርክሩ ብዙም አልቃወማቸውም፤ መኪናዎ ላይ ተሰክቶ የሠራ ቅጂ ካገኙ ዋጋው ስለማይጎዳዎት ሁለቱንም ቢይዙ ክፋት የለውም። አንዱን ብቻ ከሆነ ቃሌን አልለውጥም።

ሲገዙ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከሱቁ በር ላይ ሰክቶ ማሳየት የማይፈልግ ነጋዴ ካጋጠመዎት አይግዙት። መጀመሪያ መገናኘቱን፣ ከዚያ የሞተር ዙርና የውኃ ሙቀት ማሳየቱን ይዩ። ሙቀቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከአየሩ ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ፣ ሞተሩ ሲነሣ ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ ዝም ብሎ አንድ ቁጥር ላይ የሚቆም ከሆነ ዕቃው እያስመሰለ ነው። ከዚህ በላይ ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን የአየር መለኪያ ሶኬት ነቅለው ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያስነሡ። መብራቱ ሲበራ ማንበቢያው ፒ0100 ወይም ፒ0102 የመሰለ ኮድ፣ ከእሱም ጋር ፒ0110 ወይም ፒ0113 ሊያወጣ ይገባል። አጥፍተው፣ ሶኬቱን መልሰው፣ ኮዱን በዚያው ዕቃ ይደምስሱ። አንብቦ መደምሰስ ከቻለ ገንዘብዎ አልባከነም። ይህን ሙከራ ከማድረግዎ በፊት ግን አሁን ያለውን ኮድና ፍሪዝ ፍሬሙን ፎቶ ያንሡ፤ ሲደመሰስ አብሮ ይጠፋልና።

ለኤቢኤሱ በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚሠራ፣ ማንበቢያ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ መሰኪያው ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ፒን በቀጭን ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን አያስነሡ። የኤቢኤስ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሳይቆራረጥ በእኩል ፍጥነት ከቀጠለ የተመዘገበ ጉድለት የለም፤ በቡድን በቡድን እየቆጠረ፣ መሐል ላይ እያረፈ ከሆነ ባለ ሁለት አኃዝ ኮድ እየነገረዎት ነው። ማንበቢያ የማይቀበሉ የጃፓን ገበያ ቪትዞች ላይ የቼክ ኢንጂን መብራቱንም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ እናነበዋለን። ፒኖቹን ከመንካትዎ በፊት ደጋግመው ይቁጠሩ፤ 16ኛውን ከ4ኛው ጋር ቢያገናኙ ትርፉ ፊውዝ ማቃጠል ነው። ላፕቶፕ ካለዎት ደግሞ ሚኒ ቪሲአይ የሚባል ገመድ ከቶዮታ ቴክስትሪም ፕሮግራም ጋር ሆኖ ኤቢኤሱንና ኤርባጉን ጭምር ያነባል። ከገመዱ ጋር የሚመጣውን ሲዲ ግን የባንክ ሒሳብዎን በሚከፍቱበት ላፕቶፕ ላይ እንዳይጭኑት፤ በዚያ ገመድም የመኪናውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ለመለወጥ አይሞክሩ።

የብሉቱዙን ከገዙ ሲያቆሙ ይንቀሉት። 16ኛው ፒን ሁልጊዜ ኃይል ስላለው ዕቃው ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪዎ ይመገባል፤ የደከመ ባትሪ ያለው መኪና ለቀናት ቆሞ ከሆነ ሞተር ለማስነሣት ይቸገራሉ።

በመጨረሻም ስለ ኦክስጅን ሴንሰሩና ስለ ካታላይዘሩ። ሁለቱ ጋራዦች የተለያየ ነገር ይንገሩዎት እንጂ አንድ ኮድ፣ ምናልባትም ፒ0420ን አይተው ሊሆን ይችላል። ይህ ኮድ የካታላይዘሩ ብቃት ዝቅ ብሎ ታየ ይላል እንጂ ይቀየር አይልም፤ የማርሚታ ቱቦ ቀዳዳም ሆነ ያረጀ ሴንሰር ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። ማንበቢያዎን ሲገዙ ሞተሩን አሙቀው፣ 2,500 ዙር አካባቢ ይዘው፣ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን ሁለተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ይመልከቱ። ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ብሎ ከቆመ ካታላይዘሩ እየሠራ ነው፤ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣና እየወረደ እንደ ፊተኛው ሴንሰር የሚወዛወዝ ከሆነ ካታላይዘሩ ደክሟል፤ ወይም ደግሞ ከውስጡ የለም። ያገለገለ መኪና ነው የገዙት፤ የቀድሞ ባለቤት ካታላይዘሩን አስቆርጦ በባዶ ቱቦ አስበይዶት ሊሆን ስለሚችል፣ ለሴንሰር ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መኪናዋ ክሪክ ላይ ወጥታ ብየዳው ይታይ።